«ፈጣሪ» የሚለው ሳጥን

ዊኪፔዲያ ላይ ስለ አንድ የማርቭል ገፀ ባሕርይ የተጻፈ ገጽ ስትከፍቱ ዓይናችሁ ቀድሞ የሚያርፈው ጽሑፉ ላይ አይደለም፤ ጎን ላይ ያለችው ሳጥን ላይ ነው። ሥዕሉ፣ ከሥሩ አሳታሚው፣ መጀመሪያ የታየበት እትም፣ ከዚያ «ፈጣሪዎች» የምትል አንዲት መስመር። እዚያች መስመር ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ስም ታገኛላችሁ። ስታን ሊ፣ ከጎኑ በቅንፍ «ጸሐፊ»። ጃክ ከርቢ፣ ከጎኑ በቅንፍ «ሠዓሊ»። በቃ። ሰው ያያታል፣ ያምናታል፣ ስክሪንሾት አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይከራከርባታል።

ስሞቹ ልክ ናቸው። ችግሩ ያለው ቅንፉ ውስጥ ነው። ሁለቱ ቃላት ስድሳ ዓመት ያልተቋጨ ክርክር ላይ አንዱን ወገን አሸናፊ አድርገው ፋይሉን ይዘጋሉ፤ ያውም ክርክር መኖሩን እንኳ ሳይነግሩን። ይህን የሚያደርገው ደግሞ «እኔ ለማንም አላደላም» ብሎ የሚምል ድረ ገጽ ነው። የምጣላው ከዚህ መሐላ ጋር ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ከሥሩ ልንገር። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማርቲን ጉድማን የሚባል የኒውዮርክ አሳታሚ 1939 ላይ የኮሚክስ ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ማርቭል የምንለው ከዚያ የበቀለ ነው። ስታን ሊ የጉድማን ሚስት ዘመድ ነበር። ልጅ እግር ሆኖ ገባ፣ አርታዒ ሆነ፣ ደሞዝተኛ ሆኖ ኖረ። ጃክ ከርቢ ግን በ1960ዎቹ በገጽ ሒሳብ የሚከፈለው፣ ቤቱ ተቀምጦ የሚሥል ሰው ነው። ሁለቱ 1961 ላይ «ፋንታስቲክ ፎር»ን አወጡ። ሃልክ፣ ቶር፣ ኤክስ-ሜን፣ አቬንጀርስ፣ ብላክ ፓንተር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከታትለው መጡ። ስቲቭ ዲትኮ የሚባል ሌላ ሠዓሊ ከሊ ጋር ስፓይደርማንን በ1962፣ ዶክተር ስትሬንጅን ደግሞ በ1963 አወጣ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ፤ ጠቡ በሙሉ ያለው እዚህ ነውና። «የማርቭል ዘዴ» ይሉታል። ሙሉ ስክሪፕት የሚባል ነገር የለም። ሊ አጭር ሐሳብ ያቀብላል፤ አንዳንዴ በወረቀት፣ አንዳንዴ በወሬ። ሠዓሊው ያንን ይዞ ቤቱ ይገባና ሃያ ምናምን ገጽ ታሪክ ይዞ ይወጣል። ማን መቼ እንደሚገባ፣ ማን ማንን እንደሚመታ፣ ትዕይንቱ የት ላይ እንደሚቆረጥ የሚወስነው እሱ ነው። ገጾቹ ወደ ሊ ሲመለሱ ሊ በፊኛዎቹ ውስጥ ንግግሩን ይሞላል። የከርቢ ኦሪጅናል ገጾች ኅዳግ ላይ ዛሬም ድረስ በእርሳስ የተጫጫሩ ማስታወሻዎች ይነበባሉ፦ እዚህ ጋ ምን እየሆነ እንደሆነ፣ ገፀ ባሕርይው ለምን እንደተቆጣ። ንግግሩን የሚሞላው ሰው ታሪኩን እንዲረዳ ሠዓሊው የጻፈለት ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ከሁለቱ «ጸሐፊ» የቱ ነው? ሊ ምንም አልሠራም እያልኩ አይደለም። የሊ ፊኛዎች ባይኖሩ ቤን ግሪም እንደ ሰፈር ልጅ አያወራም ነበር፤ ያ ድምፅ ማርቭልን ማርቭል ካደረጉት ነገሮች አንዱ ነው። የምለው ሌላ ነው፦ በዚህ አሠራር ውስጥ «ጸሐፊ» እና «ሠዓሊ» የሚሉት ቃላት ሥራውን አይገልጹም። የሚገልጹት አርታዒው መጽሔቱ ላይ ያተመውን የስም ዝርዝር ነው። አርታዒው ደግሞ ስታን ሊ ነበር።

እኛ ኮድ ጸሐፊዎች ይህን ነገር በደንብ እናውቀዋለን። ጊት ላይ አንድን መስመር ማን እንደጻፈው ስትጠይቁት መጨረሻ ላይ ኮሚት ያደረገውን ሰው ስም ይሰጣችኋል። ሐሳቡ የማን እንደሆነ፣ ማን ነጭ ሰሌዳ ላይ እንደሣለው፣ ማን ሌሊት ሙሉ ቁጭ ብሎ እንደፈታው አያውቅም። ያለው መዝገብ እውነተኛ ነው፤ የሚመልሰው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። መዝገቡ ያልተጠየቀውን እንደመለሰ አድርጎ ማቅረብ የመዝገቡ ጥፋት አይደለም፣ የአቅራቢው ነው።

ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው ምን አሉ? ከርቢ 1970 ላይ ማርቭልን ትቶ ወደ ተቀናቃኙ ዲሲ ሄደ። ሊ 1974 ላይ የማርቭልን አመጣጥ የሚተርክ መጽሐፍ አወጣ፤ እዚያ ውስጥ ሐሳቡ የሚነሳው በአመዛኙ ከሊ ጭንቅላት ነው፣ ሠዓሊዎቹ ደግሞ ድንቅ ሰዎች ሆነው ይመጣሉ፣ ግን በኋላ ይመጣሉ። ከርቢ በበኩሉ 1990 ላይ «ዘ ኮሚክስ ጆርናል» ለተባለ መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ ከሊ ጋር በጋራ የሠራነው ነገር የለም እስከማለት ደረሰ። ስፓይደርማንንም የራሱ አደረገው። ሁለቱም ጠርዝ ላይ የቆሙ ናቸው። ከርቢ 1994 ላይ ሞተ፤ ሊ 2018 ላይ፣ በ95 ዓመቱ። ዲትኮም በዚያው ዓመት።

ታዲያ ኢንሳይክሎፒዲያ ይህን እንዴት ይያዘው?

የዊኪፔዲያን ሕግ አልንቅም። 2001 ላይ ሲጀመር ማንም ሰው ገብቶ የሚጽፍበት ነገር በሳምንት ውስጥ የስድብ ግድግዳ ይሆናል ብሎ ያልጠረጠረ አልነበረም። ያዳኑት ጥቂት ጠንካራ ሕጎች ናቸው፦ የራስህን ምርምር አትጻፍ፣ ለምትለው ሁሉ የታመነ ምንጭ ጥቀስ፣ ለእያንዳንዱ አመለካከት በምንጮቹ ውስጥ ያለውን ያህል ቦታ ስጥ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላውን አርትዖት አትገልብጥ። የውይይት ገጾቹን ለሚያነብ ሰው የድሮውን በላ ልበልሃ ያስታውሳሉ፤ ሙግት አለ፣ ዋስ መጥራት አለ፣ «ሕጉ እንዲህ ይላል» እያሉ አንቀጽ መወርወር አለ። ብዙ ጊዜም ይሠራል።

የማይሠራው ተከራካሪው ራሱ ማተሚያ ቤት ሲሆን ነው። «በምንጮቹ ውስጥ ያለውን ያህል ቦታ» የሚለው ሕግ ምንጮቹ ከተለያየ ጉድጓድ የተቀዱ መሆናቸውን አስቀድሞ ያምናል። እዚህ ግን ጉድጓዱ አንድ ነው። መጽሔቶቹ ላይ ያለው የስም ዝርዝር ከሊ ቢሮ ወጣ። የ1974ቱን መጽሐፍ ሊ ጻፈው። እሺ፣ እነዚህ የባለጉዳይ ቃል ናቸው እንበልና ነፃ ጋዜጣ እንፈልግ። ጥር 1966 «ኒውዮርክ ሄራልድ ትሪቢውን» ስለ ማርቭል ትልቅ ጽሑፍ አወጣ። በዊኪፔዲያ መስፈርት ወርቅ የሆነ ምንጭ ነው፤ ትልቅ ጋዜጣ፣ ገለልተኛ ጋዜጠኛ፣ በወቅቱ የተጻፈ። ጋዜጠኛው ያየው ምንድን ነው? የሊን ቢሮ። ሊና ከርቢ ታሪክ ሲያወጡ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ሊን እንደ ነበልባል፣ ከርቢን ደግሞ እንደ ፋብሪካ ካቦ አድርጎ ሣላቸው። ሃያውን ገጽ ከርቢ ብቻውን ቤቱ ሲሠራ ማንም ጋዜጠኛ አልተቀመጠም። ከርቢ በጽሑፉ በጣም ተጎዳ ይባላል፤ አይደንቅም።

ከዚያ በኋላ የመጡ መቶ ጽሑፎች እነዚህን ቢጠቅሱ መቶ ምስክር አይሆኑም። አንድ ፋይል መቶ ሰርቨር ላይ ካሽ ቢደረግ ዋናው ፋይል ላይ ያለው ስህተት መቶ ጊዜ ይነበባል እንጂ አይታረምም። 2023 ላይ ዲዝኒ በራሱ ቻናል ስለ ስታን ሊ ዶክመንተሪ ለቀቀ፤ ተራኪው በአብዛኛው የሊ የራሱ ድምፅ ነው። የከርቢ ልጅ ኒል ከርቢ ወዲያው በጽሑፍ ተቃወመ። ዲዝኒ ማርቭልን 2009 ላይ በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት የተስማማ ኩባንያ መሆኑን አትርሱ። ምንጭ ቆጥሮ ቦታ የሚያድል ኢንሳይክሎፒዲያ ሳያውቀው ገንዘብ እየቆጠረ ነው።

ብዙ ሰው ልብ የማይላት ሌላ ነገር ደግሞ አለች። ዊኪፔዲያ በሕይወት ስላሉ ሰዎች ለሚጻፍ ነገር ጥብቅ ሕግ አለው፤ 2005 ላይ አንድ አዛውንት ጋዜጠኛ በኬኔዲ ግድያ ተጠርጥሮ ነበር የሚል የሐሰት ጽሑፍ ለወራት ተለጥፎ ከተገኘ በኋላ የመጣ ነው። ጥሩ ሕግ ነው፣ ይኑር። ግን እዚህ ጉዳይ ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ሊ እስከ ኅዳር 2018 በሕይወት ነበር፣ ከርቢ ከ1994 ጀምሮ የለም። ስለዚህ «ሊ የሌላውን ሥራ ወሰደ» የሚል ዓረፍተ ነገር በጥብቁ ወንፊት ያልፋል። «ከርቢ በስተእርጅና ተምታቶበት ነው» የሚለው ግን በሰፊው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሕጉ ብቻውን ረጅም ዕድሜ ላገኘው ሰው አደላ። የማስታወስ ነገር ከተነሳ ደግሞ፣ ገፀ ባሕርያቱን ፒተር ፓርከር፣ ሪድ ሪቻርድስ እያልኩ በአንድ ፊደል የምጀምረው ስም ስለምረሳ ነው ያለው ሊ ራሱ ነው። ብሩስ ባነርን አንድ ሰሞን ቦብ ባነር ብሎት አልፏል። ስለ ማስታወስ የምንጠራጠር ከሆነ ለሁለቱም እንጠራጠር።

«ፍርድ ቤት ወስኖታል እኮ» የሚሉ አሉ። ይሄ በጣም ያበሳጨኛል። የከርቢ ወራሾች 2009 ላይ የቅጂ መብቱን ለማስመለስ 45 ማስታወቂያዎች ላኩ። ማርቭል ከሰሰ፣ 2011 ላይ ረታ፣ 2013 ላይ ይግባኝ ሰሚውም አጸናለት። ግን የተረታው ምኑ ላይ ነው? ዳኛዋ ኮሊን ማክማሆን በፍርዷ ውስጥ ጉዳዩ እውነተኛው ፈጣሪ ሊ ነው ወይስ ከርቢ የሚል እንዳልሆነ፣ ከርቢ በአግባቡ ተይዟል ወይ የሚልም እንዳልሆነ በግልጽ ጽፋለች። ጥያቄው ሥራው በ1909ኙ ሕግ መሠረት በቅጥር የተሠራ ነው ወይ የሚል ብቻ ነበር። ሊ ራሱ ቃሉን ሰጥቷል፣ ከርቢ መቃብር ውስጥ ነው፣ በከርቢ ወገን የቀረቡት የኮሚክስ ታሪክ ባለሙያዎች ሪፖርት ደግሞ በማስረጃ ሕግ ምክንያት ውድቅ ተደርጓል። የፍርድ ቤት ሥራ እንዲያ ነው፤ ማን ገንዘቡን እንደሚወስድ ይወስናል። ዳኛዋ ራሷ «ይህን አልወሰንኩም» ያለችውን ነገር «ፍርድ ቤት ወሰነ» ብሎ ማጣቀሻ ማድረግ ያልተነበበ ሰነድ መጥቀስ ነው።

እስቲ ይሄን ደግሞ ጨምሩበት። መስከረም 2014፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ይመልከተው አይመልከተው ሊነጋገርበት ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ማርቭልና ወራሾቹ ታረቁ። ከዚያ ወዲህ የከርቢ ስም በመጽሔቶቹና በፊልሞቹ ላይ በደንብ መታየት ጀመረ። ታዲያ 1961 ላይ የሆነው ነገር መስከረም 2014 ላይ ተለወጠ እንዴ? የተለወጠው ውል ነው። ዲሲ ጋርም ባትማን ለአሥርት ዓመታት የቦብ ኬን ብቻ ነበር፤ ቢል ፊንገር በይፋ ከስሙ ጋር የተቀመጠው 2015 ላይ ነው፣ ከሞተ ከ41 ዓመት በኋላ። «አሳታሚው ያወጣውን ይፋ ክሬዲት እንከተል፣ ከጭቅጭቅ እንገላገል» የሚሉ አዘጋጆች አንድ ነገር ይመልሱልኝ፦ ፊንገር 2014 ላይ ባትማንን አልፈጠረም ነበር ማለት ነው?

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን። የከርቢ ደጋፊዎች ሳጥኑን መገልበጥ ይፈልጋሉ፤ ከርቢን «ፈጣሪ»፣ ሊን «ፊኛ ሞዪ»። እነሱም ያው ናቸው። ለስፓይደርማን ከርቢ ጥቂት ገጾች ሠርቶ እንደነበር፣ ግን ጥቅም ላይ እንዳልዋሉና በኋላ የወጣው ሌላ ነገር እንደሆነ የጻፈው ስቲቭ ዲትኮ ነው፤ ሊን ለማስደሰት ሲል የሚዋሽ ሰው አልነበረም። ሊ 1999 ላይ ዲትኮን የስፓይደርማን ተባባሪ ፈጣሪ አድርጌ ሁሌም እቆጥረዋለሁ ብሎ ደብዳቤ ቢያወጣ «እቆጥረዋለሁ» የምትለዋን ቃል ይዞ የተከራከረ ሰው ነው። (ትክክል ነበር። መቁጠር የሊ ስጦታ አይደለም።)

«ሊ እንዲህ ይላል፣ ከርቢ እንዲያ ይላል፣ አንባቢው ይፍረድ» የሚለው ሦስተኛው መንገድ ለብዙዎች ገለልተኛ ይመስላቸዋል። ለእኔ ስንፍና ነው። ምክንያቱም ጉዳዩ አንድ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ገፀ ባሕርይ የተለያየ ነው። ሲልቨር ሰርፈርን ውሰዱ። 1966 ላይ የፋንታስቲክ ፎር 48ኛ እትም ገጾች ሲመጡ ሰሌዳ ላይ የሚበር ሰውዬ አየሁ፣ ማነው ብዬ ከርቢን ጠየቅኩት ብሎ የተናገረው ሊ ራሱ ነው። ክርክር የለም። ዶክተር ስትሬንጅ ሐሳቡ የዲትኮ እንደሆነ ሊ 1963 ላይ ለአንድ አንባቢ በጻፈው ደብዳቤ አምኗል፤ ገና ገንዘቡም ጠቡም ሳይመጣ፣ የሚዋሽበት ምክንያት ባልነበረበት ሰዓት። ፋንታስቲክ ፎር ላይ ግን እውነተኛ ሙግት አለ፦ የሊ በታይፕ የተጻፈ የታሪክ ሐሳብ አለ፣ ከከርቢ ጋር ከመነጋገሩ በፊት ነው የተጻፈው ወይስ በኋላ የሚለው ያከራክራል። በሌላ በኩል ቡድኑ ከርቢ ቀደም ብሎ ለዲሲ ከሠራው «ቻሌንጀርስ ኦፍ ዘ አንኖውን» ጋር ያለው መመሳሰል በግልጽ ይታያል። ብላክ ፓንተርን ከርቢ በታሪኮቼ ውስጥ ጥቁር ሰው እንደሌለ አስተውዬ አመጣሁት ይላል፣ ሊም የራሴ ሐሳብ ነው ይላል፤ ከርቢ «ኮል ታይገር» ብሎ የሣለው ቀዳሚ ንድፍ አለ። አንዱ ጋ ስምምነት፣ አንዱ ጋ ሰነድ፣ አንዱ ጋ ቃል በቃል። እነዚህን ሁሉ «አከራካሪ» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ መክተት የሚታወቀውንም እንዳይታወቅ ማድረግ ነው።

ቴክኒኩ አይፈቅድም የሚለኝን ሰው አልሰማውም። ከዊኪፔዲያ ጎን ያለው ዊኪዳታ የሚባለው የዳታ ማከማቻ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ሦስት መልስ ይቀበላል፤ ለእያንዳንዱ መልስ ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው፣ ምን ያህል እንደሚታመን ለብቻው ይመዘግባል። ቦታው አለ። ሳጥኗ በአንድ መስመር ሁለት ስምና ሁለት ቅንፍ ብቻ የምትይዘው ሰዎች እንዲያ እንድትሆን ስለፈለጉ ነው። ስትመለከቷት ደግሞ ለሰው ብቻ አይደለችም፤ የፍለጋ ሞተሮች ያነቧታል፣ ጥያቄ የሚመልሱልን ማሽኖች ያነቧታል። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ በጥንቃቄ የተጻፈው ማብራሪያ እዚያው ይቀራል፤ የምትጓዘው ሳጥኗ ናት።

ወደ እኛ ስትጓዝ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዋካንዳን ያልወደደ አበሻ አላውቅም፤ የ2018ቱ ፊልም ላይ የወንዙ ጎሣ ሽማግሌ ከንፈሩ ላይ ያለው ገል ከሙርሲና ከሱሪ የተወሰደ መሆኑን ስናይ ሲኒማ ውስጥ ክርናችንን የተነካካን ብዙ ነን። ታሪኩን በአማርኛ ልንጽፍ ስንቀመጥ እጃችን ላይ ያለው ቃል ግን «ፈጣሪ» ነው። ፈጣሪ ለእኛ አንድ ነው። አማካሪ የለውም፣ በገጽ አይከፈለውም፣ ወራሾቹ ፍርድ ቤት አይሄዱም። ቃሉ ራሱ ክርክሩን ይዘጋዋል። «ደራሲ» ብንል የሚሥል ደራሲ አለ ብሎ የሚያስብ አንባቢ ጥቂት ነው። «ባለቤት» ብንል ባለቤቱ ዲዝኒ ነው። የአማርኛው ውክፔዲያ ትንሽ ነው፣ የሚጽፉትም ጥቂት ናቸው፤ ሰው ሲቸኩል ደግሞ የሚተረጉመው መጀመሪያ ሳጥኗን ነው። እንግሊዝኛው ቢያንስ ከታች ረጅም ማብራሪያ አለው። እኛ ጋ ከሳጥኗ በታች ብዙ ጊዜ ባዶ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። «ፈጣሪዎች» የምትለዋ መስመር «በእትሙ ላይ የተመዘገቡ ስሞች» ተብላ ትጻፍ፤ ይሄ የሚረጋገጥ ነገር ነው። ቅንፎቹ ይውጡ። የማርቭል፣ የዲዝኒና የሊ ጽሑፎች እንደ ባለጉዳይ ቃል ይቆጠሩ እንጂ እንደ ምንጭ አይቆጠሩ፤ የከርቢ ቃለ ምልልስም እንደዚያው። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ዓመቱ ይግባ፤ የ1963 ደብዳቤና የ1974 መጽሐፍ እኩል አይመዝኑምና። ክርክሩም ገጹ መጨረሻ ላይ «ውዝግቦች» በሚል ርዕስ ሥር አይቀበር፤ ስለ አመጣጥ የሚያወራው አንቀጽ ውስጥ ይግባ፣ ቦታው እዚያ ነው። እንደ ሾን ሃው የ2012 መጽሐፍ ወይም እንደ ሪስማን የ2021 የሊ የሕይወት ታሪክ ሁለቱንም ወገን ያገላበጡ ሥራዎች አሉ፤ ማጣቀሻ ጠፋ ማለት አይቻልም።

«ይረዝማል» ይሉኛል። በአማርኛ ለዶክተር ስትሬንጅ ሞክሬዋለሁ፦ «መጀመሪያ የታየው 1963 ላይ ነው። በእትሙ ላይ የተመዘገቡት ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ ናቸው። ሊ በዚያው ዓመት በጻፈው ደብዳቤ ሐሳቡ የዲትኮ መሆኑን ገልጿል።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስልክ ላይ ሳትጎትቱት ይታያል።